የአልቃሿ ጥርስ

ከጥምቀት ማግስት ነበር የደረስነው። በየዓመቱ ጥርን ጠብቀን፣ የዓመት ፈቃዳችንን አጠራቅመን፣ ከአቡ ዳቢ ተነስተን የጥርስ ሐኪም ረግጦት ወደማያውቅ ገጠር የምንሄድ ጥቂት ሰዎች ነበርን። ያን ዓመት ተራው የኢትዮጵያ ሆነና፣ ጎጃም ውስጥ የአባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ባለች አንዲት ጤና ኬላ ግቢ ድንኳን ተከልን። ኮሮና ገና የሩቅ አገር ወሬ ነበር። እኛም ወሬውን ከሻንጣ ጋር አላዘልነውም።

መንቀያውንና መስታወቱን የምንቀቅለው ይዘነው በመጣነው የእንፋሎት ድስት ነበር። ድስቱ ባፏጨ ቁጥር ከወረፋው መሃል አንዱ ተነስቶ "ምሳ ደረሰ!" ይላል፤ ሰው ሁሉ ይስቃል። የተነቀለ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ሳይቀር የሚስቅ ነበር። እኔ በበኩሌ የሚያስቀኝ ነገር አልነበረም፤ ፀሐዩ አናቴን ይበሳኛል፣ ዝንቡ አይጣል ነው፣ የማስተረጉመውም እኔ ብቻ ነኝ።

ረዳት ነኝ፣ የጥርስ ሐኪም ረዳት። አቡ ዳቢ፣ መዲናት ዛይድ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ክሊኒክ እሠራለሁ። ወደ አቡ ዳቢ የመጣሁት ግን እንደ ብዙዎቻችን በቤት ሠራተኝነት ነው። አል ፈላሕ የምሠራበት ቤት ማዳም ለጥርሷ ስትሄድ ልጆቿን ይዤ እከተላት ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙ ረዳቱ ቀርታበት መብራት እንድይዝለት ለመነኝ። ያዝኩለት። ደም አይቼ አልወደቅሁም፣ እጄም አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ወዲያ ማዳምን እየጨቀጨቀ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ ወደ ክሊኒኩ ያዛወረልኝ፣ ትምህርት ቤት ያስገባኝ እሱ ነው።

ዶክተር የምለው ይህን ሰው ነው። ከኬረላ የመጣ ሕንዳዊ፣ ፀጉሩን አቡ ዳቢ ያሸበተ ሰው። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ነገር ግን የምንግባባበት እንግሊዝኛ አንቱታ ስለማያውቅ እሱ እያልኩ ለምጄ ቀረሁ። የጥሩን ጉዞ የጀመረውም፣ የሚመራውም እሱ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንዲት ሴት አፏን ስትከፍትለት ደነገጠ። ድዷ ጥቁር ሰማያዊ ነው። "ይህን እዪ፣ ምን ዓይነት በሽታ ነው?" አለኝ። ንቅሳት መሆኑን፣ ልጃገረድ ሳለች በእሾህና በጥላሸት ለውበት የተነቀሰችው መሆኑን ነገርኩት። አላመነም። የሌሎቹንም ከንፈር እየገለጠ አየ፣ ፎቶ አነሳና ራሱን ነቀነቀ። ሴቶቹ በእሱ ድንጋጤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁበት። "ውበት" የምትለዋን ቃል በአማርኛ ያስጠናሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የተነቀሰ ድድ ባየ ቁጥር "ውበት" እያለ ነው የሚመረምረው።

እማማ የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። ወረፋው ሳይጠየቅ ለሁለት ተከፈለላቸው። ፊታቸው ባንድ ወገን አብጦ ዓይናቸውን ደፍኖታል። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "የአገሩ አልቃሽ ናቸው፤ እሳቸው ያልቆሙበት ለቅሶ እዚህ ለቅሶ አይባልም" አለችኝ። ዶክተር አያቸው፤ ድዳቸው እንደ ሌሎቹ ሴቶች የተነቀሰ ነው። ከላይኛው ጥርሳቸው ሥሩ መግል ያልቋጠረ አልነበረም። ሁሉም ካልወጣ መርዙ ደማቸው ውስጥ እንደሚገባ እንድነግራቸው አዘዘኝ።

ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣

"ጥርሱንስ ይውሰደው፤ እኔም ጠልቼዋለሁ" አሉ። "ቃሌንስ? ያለ ጥርስ ሙሾ አይወጣም፤ ነፋስ ነው የሚወጣው። እኔ ሌላ ምን አለኝ? መሬቴን ልጆቼ ያርሱታል፣ ቤቴን ምራቴ ይዛዋለች። የእኔ የሚባል ቃሌ ነው።"

ዶክተር ይህን ስተረጉምለት ጓንቱን አወለቀ። ጓንት አውልቆ ከበሽተኛ ጋር ሲነጋገር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ድዳቸው ሳይድን ጥርስ መሥራት እንደማይቻል፣ በመጪው ጥር ግን ተመልሶ መጥቶ፣ ልካቸውን ወስዶ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንደሚያስገባላቸው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነገራቸው። እማማ እሱን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ቃሉን ሰምተሻል። ምስክሬ አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ከዚያም አፋቸውን ከፈቱ። እስኪያልቅ አንዲት ጊዜ አላቃሰቱም።

ወደ አቡ ዳቢ በተመለስን በሁለተኛው ወር ዓለም ተዘጋ። ክሊኒኩ ከድንገተኛ ሕመም በቀር ሰው አይቀበልም ተባለ፤ በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ፣ የእኛ ሥራ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሰው ትንፋሽ ላይ አጎንብሶ መዋል። ዶክተር አርፎ እንዲቀመጥ ብንለምነው አልሰማም። "ጥርስ ኮሮናን አይጠብቅም" ይል ነበር። በስልክ የሚያለቅስ በሽተኛ ካለ ድርብርብ ጭንብል አድርጎ ይመጣል። በሰኔ ታመመ። ሰኔን አልጨረሰውም።

ቀብሩ ላይ ነጭ የመከላከያ ልብስ ከለበሱ ሰዎች በቀር ማንም አልነበረም አሉን። ሚስቱና ሴቶች ልጆቹ ኬረላ ናቸው፤ አውሮፕላን የለም። እኛ ያን ሰዓት ክሊኒክ ውስጥ ወንበር በመድኃኒት እንወለውል ነበር። በማግስቱ ስሙ ከበሩ ላይ ተነሳ፣ በሳምንቱ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ተናደድኩ፣ ከአለቃዬ ጋር ተጣላሁ፣ አንድ ትሪ ሙሉ ዕቃ ሆን ብዬ ጣልኩ። አላለቀስኩም ግን። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ሞከርኩ፤ እንባ እምቢ አለኝ። በእኛ አገር ለቅሶ አውጪ ይፈልጋል፤ አንዷ ትጀምረዋለች፣ ሌላው ይከተላታል። እዚያ የሚጀምርልኝ አልነበረም።

የጤና ኬላዋ ሠራተኛ የደወለችልኝ ክረምቱ ሲወጣ ነው። "ሲስተር፣ እማማ ከቤት አልወጣም ብለዋል" አለችኝ። አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ሞተው እማማ እንደ ወጉ ሊያለቅሱ ቆሙ። አፋቸውን ሲከፍቱ ቃሉ ፈሰሰባቸው። ማን እንደተወሳ፣ ምን እንደተባለ የሰማ የለም። አንድ ባለጌ ጎረምሳ ሳቀ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከለቅሶው መሃል ወጡና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ከማዶ ደብር ሌላ አልቃሽ ነው የሚጠራው።

የደወለችልኝ ከእሳቸው ቤት ኖሮ፣ ወዲያው ስልኩን እማማ ተቀበሏት። የሚሉትን ለመስማት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት።

"ሐኪሙ ደህና ነው?"

"ደህና ነው እማማ" አልኩ።

ይህን ስል ቅንጣት አላመነታሁም። መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ፣ ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። አል ፈላሕ ጎረቤቴ የነበረች ልጅ የእናቷን ሞት ሳህን እያጠበች በስልክ በተላከ የድምፅ መልእክት ሰምታለች። ማዳሟ ለእንግዳ ሻይ እንድታቀርብ ጠራቻት፣ አቀረበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስልክ መርዶ የሚያረዳ ሰው ባገኝ አንገቱን ባንቀው ደስ ይለኛል። እኔ ራሴ ላደርገው? አላደርገውም። መንገድ ሲከፈት ሄጄ፣ እጃቸውን ይዤ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

መንገዱ ግን አልተከፈተም። ጥር መጣ፤ ጉዞ የለም። እማማ በደወሉ ቁጥር ሐኪሙን ይጠይቃሉ፤ እኔም "ሥራ በዝቶበት ነው"፣ "ሰላም ብሎዎታል" እላለሁ። ምርቃታቸውን ለሞተ ሰው እቀበልለታለሁ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል። ባለ ዕዳው ሄዷል፤ የቀረሁት ምስክሯ ነኝ።

በመጨረሻ እኔው ልሞክረው አልኩ፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ቡድናችን ጤና ኬላዋ ውስጥ ትቶት በመጣው ሣጥን ውስጥ የአፍ ልክ የሚወሰድበት ዱቄት እንዳለ አውቃለሁ። በውሃ ተበጥብጦ እንደ ገንፎ ይወፍራል፣ ከዚያ በማንኪያ መሳይ ብረት ተደርጎ አፍ ውስጥ ይገባና ይረጋል። ለጤና ኬላዋ ሠራተኛ በስልክ አስተማርኳት። የመጀመሪያው ገና ሳህኑ ላይ ሳለ ድንጋይ ሆነባት። ሁለተኛውም እንዲሁ። ጮህኩባት፣ ጮኸችብኝ። ኋላ ነው ነገሩ የበራልኝ፤ ያ አገር ቆላ ነው፣ በርሜል ውስጥ የዋለው ውሃ ሞቋል፣ ዱቄቱን ያቻኮለው ሙቀቱ ነው። "ከእንስራ ቅጂ፣ ቀዝቃዛውን" አልኳት። እማማ እያቅለሸለሻቸው ታገሱ። ልኩ ወጣ። ሳይውል ሳያድር ከከተማ በመጣ ጀሶ ሞላችው። የታችኛውንም እንዲሁ አደረገችና፣ ላይና ታቹ እንዴት እንደሚገጥም እንዲታወቅ ሰም አስነከሰቻቸው።

ጀሶው በጥጥ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ለፈቃድ ሄዳ የምትመለስ አንዲት የእኛው ልጅ አመጣችልኝ። በኤርፖርት ፍተሻ ነጭ መንጋጋ ከሻንጣዋ ሲወጣ ምን ብላ እንዳስረዳች እስካሁን አልነገረችኝም። የቡድናችን ሌላዋ ሐኪም አገላብጣ አየችውና "ይሠራል" አለች።

ጥርስ የሚሠራልን ፓኪስታናዊ አል አይን ከተማ፣ ሰናይያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ ነው ያለው፤ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ከአንድ የጎማ ቤት ፎቅ ላይ። የዶክተር የድሮ ወዳጅ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ምርመራ ሲጠየቅ ሲቀር ከርሞ፣ አንድ ዓርብ አፍንጫዬን አስመርምሬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጀሶውን ቀደም ብዬ በሰው ልኬለት ነበርና ሥራውን ጨርሶ ጠበቀኝ። ጥርሶቹ የሚያምሩ ናቸው። ድዱን ግን ሮዝ አድርጎታል፣ የሕፃን ድድ የመሰለ ሮዝ።

"ይህን አይደለም" አልኩት። "ጥቁር ሰማያዊ አድርገው።"

"እብድ ነሽ? ያ የታመመ ድድ ቀለም ነው" አለኝ። "በስሜ አልሠራውም።"

ተጨቃጨቅን። በስልኬ ዶክተር ያነሳቸውን የሴቶቹን ፎቶ አሳየሁት። እማማ በዚህ በሮዝ ድድ ለቅሶ ላይ ቢቆሙ ሰው የሚያየው ሙሾውን ሳይሆን አፋቸውን ነው፤ ልጃገረድነታቸው፣ ሰው መሆናቸው እዚያ ንቅሳት ላይ ነው አልኩት። ገብቶት ይሁን ጭቅጭቁ ሰልችቶት አላውቅም። ፎቶውን ደጋግሞ ካየ በኋላ "ይህን እሱ ነው ያነሳው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ቀለም የሚበጠብጥባትን ትንሽ ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋ። ሦስት ጊዜ ደባልቆ ሦስት ጊዜ ጠረገው። አራተኛውን ሳየው የእማማ ነው።

"ኸላስ?" አለኝ፤ አለቀ? ማለቱ ነው።

"ኸላስ" አልኩት። ጭንብሌን አስተካክዬ ወጣሁ።

ጥርሱ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ሄደ። የደረሰ ዕለት በሁለት በሽተኛ መካከል ሆኜ ዕቃ በምንቀቅልበት ክፍል ውስጥ ስልኬ ጮኸ። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ናት፤ የክትባት ቀን ስለሆነ ግቢው በእናቶች ሞልቷል፣ ከኋላዋ ሕፃናት ይጮኻሉ። ጥርሱን አጥባ እንዴት እንደምታስገባው ነገርኳት። አንድ ቦታ ይወጋል አሉ፤ በአሸዋ ወረቀት ለስለስ አድርጊው አልኳት። አስተካክላ መለሰችው።

"ልጄ" አለኝ አንድ ድምፅ። ድምፁ ጥርት ያለ፣ አንዲት ፊደል እንኳ የማይስት ድምፅ ነው። ድንኳኑ ውስጥ "ምስክሬ አንቺ ነሽ" ካሉኝ ወዲህ እንዲህ ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም። "ፋሲካ" አሉ። "ፈረስ። ሰለሞን። ስሰስት ስሳሳ" አሉ። ከጀርባ ሴቶች እልል አሉ። እኔም ሳቅሁ፤ ደስ አለኝ።

"ተመስገን እማማ፣ ይኸው ሐኪሙ የገባው ቃል..." ብዬ ጀመርኩ።

"አሁን ንገሪኝ" አሉኝ።

"ምኑን?"

"መቼ ነው የሞተው?"

እልልታው ቆመ።

"እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ሞት ላይ የቆምኩ ነኝ" አሉ እማማ፤ ቁጣ የለበትም። "መርዶ የያዘ ሰው ድምፁን አላውቀውም? 'ደህና ነው' ስትዪኝ ቶሎ ነበር የምትዪው። ደህና የሆነ ሰው ዜናው አይቸኩልም። ደግሞስ ያ ሰው በሕይወት ቢኖር ልኬን በሰው እጅ ያስወስድ ነበር? ራሱ ነበር የሚጨቀጭቀኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ነው እንጂ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?" አልኳቸው።

"ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ። ከነገርሽኝ ማልቀስ አለብኝ። በዚያ በሚያፈስ አፍ እሱን አላለቅሰውም ብዬ ነው። ለሌላው ብሳሳት ሌላው አልቃሽ አለው፤ ለእሱ ማን አለው? ስለዚህ ቻልኩት። በይ አሁን፣ ማን ነው?"

"ማን ነው ማለት?"

"ሰው የማያውቁት ሰው አይለቀስለትም። አባቱ ማን ነበር? ምን ይወድ ነበር? ምን ይፈራ ነበር? ልጅ አለው? ስልኩን ሳትዘጊ ሁሉንም ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። አባቱ ባሕር ላይ ዓሣ የሚያጠምድ እንደነበር፣ ሴቶች ልጆቹ አንዷ አስተማሪ አንዷ ገና ተማሪ እንደሆኑ፣ ቃሪያ ያለ ምንም እንደሚበላ፣ ደም የማይፈራው ሰው ውሻ ሲያይ ከእኔ ጀርባ እንደሚደበቅ፣ ጥርስ ሲነቅል እንደሚያንጎራጉር ነገርኳቸው። እኔን ከሰው ቤት አውጥቶ ሰው እንዳደረገኝ ነገርኳቸው። ማንም ሳይቀብረው እንደተቀበረ ነገርኳቸው። እማማ አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም፤ በየመሃሉ "እ" ብቻ ይላሉ።

ስጨርስ ስልኩ ውስጥ የነጠላ ኮሽታ ሰማሁ፤ ያዘቀዘቁት መሰለኝ። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ።

"ጥርሴን ነቅሎ ሄዶ፣ ጥርስ ሊያመጣልኝ፣
ጥርሱ መጣ ይኸው፣ እሱ የት ቀረብኝ?"

የክትባቱ እናቶች "ወይኔ!" ብለው ተቀበሉ። በምን ቅጽበት እንደተነሱ አላውቅም፤ እግራቸው መሬቱን ሲመታ ይሰማኛል። ከእነሱ መሃል ድንኳናችን ውስጥ አፏን ከፍታ የሳቀችብን ሁሉ ትኖራለች።

"ወንድም የለው እህት፣ ባረፈበት መሬት፣
እኔ ነኝ እህቱ፣ ከዚህ ከጎጆ ቤት።"

ዓሣ አጥማጁን አባቱን አነሱ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠሩ፤ ውሻ ፈሪነቱን ሳይቀር አነሱትና ሴቶቹ በለቅሶ መሃል ሳቁለት። አንድ ቃል አልፈሰሰም። እኔ የግድግዳውን ጡብ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ጭንብሌ ረጥቦ አፌ ላይ ተለጠፈ፤ አወለቅሁትና ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። በር ተንኳኳ፤ ወንበር ላይ በሽተኛ እየጠበቀ ነው አሉኝ። "ለቅሶ ላይ ነኝ፣ ይጠብቅ" አልኳቸው።